በደከመ ባትሪ የተቀዳ መንዙማ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ መካነ ሰላም ውስጥ ካሴት እየገለበጥኩ እሸጥ ነበር። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ቴፕ፣ አንድ መደርደሪያና እኔ። አዲስ አበባ የታተመ አንድ ካሴት በጭነት መኪና ይመጣልኛል፤ በሳምንቱ ተባዝቶ እስከ ከላላ ገበያ ይወርዳል። ዘፋኙ ምን ይበላል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሌብነት መሆኑን አላውቅም ነበር ብዬ ግን አልዋሽም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ገበያተኛው ከዘፈን ይልቅ መንዙማ ይወድ ነበር። በአካባቢያችን የታወቁ አንድ መንዙማ አውጪ ሸህ ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ዝግ ያለ፤ እየጎተቱ ሲያወጡት ተቀባዩ ሁሉ አንገቱን ይደፋል። መሬታቸው ጭንጫ ስለነበር የሚኖሩት ለሰርግና ለሀድራ ዱዓ በሚመጣላቸው ጥሪ ነው። ልቅዳዎት ብላቸው፣ «ቅዳው ልጄ፣ ድምፄ ከኔ በኋላ ቢቀር ምን ከፋኝ» አሉኝ።

መንደራቸው መብራት የለውም፤ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚቀዳው። በኛ አገር የደከመ ድንጋይ አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ እናሞቀዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እኔም ለአዲስ ድንጋይ ሳሳሁና ሲሞቁ የዋሉትን ከትቼ ሄድኩ። ቴፑ እየዘገመ ቀዳ። እየዘገመ የተቀዳ ደግሞ በመብራት ሲጫወት ይፈጥናል፤ ሱቄ ገብቼ ብከፍተው የሸህዬ ድምፅ ቀጥኖ፣ የጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ደነገጥኩ። እንደገና ልቅዳ ብል የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ደጋግሜ ስሰማው ደግሞ ደስ አለኝ። ገለበጥኩት።

እንደ ጉድ ተሸጠ፤ እስከ ኩታበር ደረሰ። ሸህዬንም ከማያውቋቸው ቀዬዎች ለሰርግ ይጠሯቸው ጀመር። እዚያ ግን አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ካሴቱ ላይ ያሉት እኒህ አይደሉም» ተባለ። በበቅሎ ወስደው በእግራቸው መለሷቸው። ቀስ በቀስ ጎረቤቶቻቸውም «ሸህዬ ደክመዋል» እያሉ ካሴቱን ማጫወት ያዙ።

አንድ የገበያ ቀን ሱቄ መጡ። «ልጄ፣ ያ ድምፅ የኔው ነው፣ ያበላሸው ቴፑ ነው ብለህ ለሰው ንገርልኝ» አሉኝ። ቆመው ነው የለመኑኝ። ብናገር የካሴቱ ብልሽት ይወጣል፣ ገበያዬም ይዘጋል።

«እሺ ሸህዬ፣ እነግርልዎታለሁ» አልኩ።

«አላህ ያክብርህ» ብለው መረቁኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬም ያ ምርቃት ሲታወሰኝ አፍራለሁ።

በዚያው ዓመት ሰርግ ተጠርቼ ከዳሱ ደጅ ስደርስ መንዙማው ይሰማል። ካሴቴ መሰለኝ። ብገባ ሸህዬ ናቸው። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው እኔ የሸጥኩትን ድምፅ ለማውጣት ይታገላሉ። መሐል ላይ ሳል ያዛቸው። የሙሽራው ወንድም ጥቂት ጠበቀና ተነስቶ ቴፑን ከፈተው። ሸህዬ ድቤያቸውን መሬት አስቀመጡ፤ ከተቀባዮቹ ጋር ተቀምጠውም ለካሴቱ ያጨበጭቡ ጀመር።