የጎሹ ዋሻና የእኔ አውራ ጣት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስለ መንዝ መንገድ «ውብ ጉም፣ ውብ ተራራ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ሙቅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የሚጽፉት። እኔ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ መስኮቱ አይዘጋም።

የምሄደው ጥድ አምባ ነው። ቀየት ከምትባል ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ዋሻ ያለው ትንሽ መንደር ነው። ዋሻው የጎሹ ዋሻ ይባላል፤ መንደሩን የቆረቆረው ጎሹ ከጠላት የተሸሸገበት ነው ይላሉ። እሱን አይቼ ልጽፍላችሁ ነው። ይህ ግን የጉዞው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የእናቴን መቃብር ማግኘት ነው። ጥድ አምባ ተወልጄ በአሥራ አምስት ዓመቴ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

ሾፌሩ በከረጢቴ ውስጥ ያለውን የቀለም ቆርቆሮ አየና፣ «ጋሼ፣ ቤት ሊቀቡ ነው?» አለኝ።

«ድንጋይ ነው የምቀባው።»

«የመንዝን ድንጋይ? እንግዲህ በጡረታም አይጨርሱት!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። ገና ከመናኸሪያው አልወጣንም።

እዚያው ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የታሰሩ ሁለት በጎች ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይጮኻሉ፤ የቀረነው ደግሞ ወንዶች ነንና ዝም ብለን እንፈራለን። ከዚያ ወዲያ ሜዳው፣ የድንጋይ ካቡ፣ የገብሱ ማሳ፣ ሣር እየነቀሉ የሚበሉ ጭላዳ ዝንጀሮዎች። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልክ ናቸው።

መሐል ሜዳ በገብስ እንጀራ ሽሮ በላሁ። ትኩስ ነው፤ ጨው የለውም። የሱፍ ቆብም ገዛሁ። ምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ስለ አንድ ደብዳቤ አሰብኩ፤ የተላከልኝ ከዚህ ከተማ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ድንጋይ እጠርብ ነበር። ፊደል አላውቅም። አስነብቤ እንዳይሳቅብኝ ብዬ ደብዳቤውን ሁለት ወር ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። «መቼም በግ ሸጠን ነው፣ ወይ ጨው ላክ ነው» እያልኩ። በመጨረሻ አንድ ቄስ አነበቡልኝ። እናቴ ሞታ ነበር፤ አርባዋም አልፎ ነበር።

በአርባ አንድ ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀት ላይ ጣቴን ተጭኜ አላውቅም። እፈርማለሁ። ፊርማዬ ረጅም ነው፤ ጅራት አለው።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጥድ አምባ

ቀየት አድሬ በማለዳ በእግሬ ገባሁ። ዋሻውን የሚያሳዩት አያ ደጉ ናቸው አሉኝ። ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ባና በሚሉት ወፍራም የበግ ሱፍ ልብስ ተጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እኔ ልጅ ሳለሁ የመንደሩን ውልና ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። አላወቁኝም። እኔም ስሜን ሳልናገር ደብተሬን አውጥቼ እንደ ጋዜጠኛ ጠየቅሁ።

«ይህ የድንጋይ ካብ የማን ነበር?»

«የድንጋይ።»

«ዋሻው ውስጥ ጎሹ ስንት ዓመት ተቀመጠ?»

«እኔ አልነበርኩም።»

«ጎሹ ስንት ልጅ ወለደ?»

«አልወለደም።»

«ታዲያ እናንተ ከማን መጣችሁ?»

«ከእናቶቻችን።»

ዋሻው ጥሩ ነው። ሃምሳ በግ ይይዛል፤ አሁንም የያዘው በግ ነው። ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል፤ ግድግዳው ላይ የእህል ጉድጓድ ተፈልፍሏል። «ጉድጓዱ የማን ድርሻ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። አያ ደጉ በትራቸውን ይዘው ቀድመውኝ ወጡ።

ለአንባቢ ልንገር። መንዝ ውስጥ «ማን ማንን ወለደ» ብሎ መጠየቅ ታሪክ መጠየቅ አይደለም፤ የመሬት ክስ መክፈት ነው። ድሮ ዘሩን ቆጥሮ ቆጥሮ እስከ አቅኚው፣ እዚህ እስከ ጎሹ፣ የደረሰ ሰው ርስት ይካፈል ነበር። እዚያው ተወልጄ ይህን ረሳሁት። ደብተርም ይዤ! ያልያዝኩት ጠበቃ ብቻ ነው።

ነገሩ ሲገባኝ እውነቱን አወጣሁ። «አያ ደጉ፣ መሬት አልፈልግም። የአመለወርቅ ልጅ ነኝ፤ ሽፈራው። መቃብሯን ያሳዩኝ።»

«ሽፈራው ሞቷል» አሉ።

«እኔ ነኝ እኮ!»

«ደብዳቤ ጽፌለት መልስ አልመጣም። እናቱን ያልቀበረ ሰው ካልሞተ ምን ሆነ? ልቅሶ ተቀምጠንለታል።»

«እርስዎም አልቅሰዋል?»

«ጥቂት።»

ደብዳቤውን የጻፉት እሳቸው ነበሩ። ቆምኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው፦ «ደርሶኝ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር። አፍሬ ይዤው ዞርኩ።»

በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ፣ «መሬት አልፈልግም ብለህ ትፈርማለህ?» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ፊርማዬን ከነጅራቱ የማሳይበት ቀን መጣ። ወረቀቱን ራሴ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አያ ደጉ አዩትና መለሱልኝ።

«ይህን ማንም ይጭረዋል። ጣትህን አምጣ።»

«እኔ ጣት አልጫንም!»

«እንግዲያው መቃብርም የለም።»

«አሁን እኮ መሬት የመንግሥት ነው፣ አያ ደጉ!»

«መንግሥት ስንቱን አየሁ፤ ጎሹ ያው ጎሹ ነው።»

የማታ ትምህርት ስድስት ዓመት ነው የፈጀብኝ። ስድስቱም ዓመት ዓይኔ ላይ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑን አየሁ፤ ቅጥሩ ውስጥ መቃብሩ ሁሉ ስም የሌለው ድንጋይ ነው፤ ብቻዬን ፈልጌ አላገኘውም። አውራ ጣቴን አቀበልኩ። ከባናቸው ሥር የማኅተም ቀለም አወጡ፤ ሌላው ሰው መነጽር ይዞ እንደሚዞር እሳቸው ቀለም ይዘው ነው የሚዞሩት። ተጫንኩ።

ከዚያ ከቤታቸው አንድ ቢጫ ወረቀት አመጡ። ከመንደር ስወጣ የአባቴን ማሳ ጎረቤት ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ለእናቴ እንዲያርስላት፣ በፊቷ ጣቴን የተጫንኩበት ውል ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ያዙ። የልጅነት የማጭድ ጠባሳዬ በሁለቱም አሻራ ላይ አግድም ተኝቷል።

«ሽፈራው» አሉ። ሳሙኝ። «አንተ አህያ! ቄስ ፈልገህ በሳምንቱ ብታስነብበው ምን ነበረበት?»

ከረጢቴን አንስቼ ተከተልኳቸው።

መቃብሩ ከጥዱ ሥር ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ። ብሩሼን አውጥቼ «አመለወርቅ» ብዬ ጻፍኩ። የአባቷን ስም ልቀጥል ስል በትራቸው እጄ ላይ አረፈ።

«እዚያ ላይ አቁም። ከዚያ በኋላ ወደ ጎሹ ይቆጠራል።»

አቆምኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ አብረን ተቀመጥን። አያ ደጉ ከመቃብሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ሣር በበትራቸው ለኩት።

«ይቺ ያንተ ናት» አሉ። «የፈረምከው እሷን አይጨምርም።»

ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን

ያው ሾፌር፣ ያው መስኮት። ቀለሙ በሳሙናም አልለቀቀም። ሾፌሩ አውራ ጣቴን አየ።

«ጋሼ፣ እዚያ ምርጫ አለ እንዴ?»

«መሬት አልፈልግም ብዬ ፈርሜ ነው።»

«ለመንዝ ሰው? አመኑዎት?»

«አላመኑኝም። ሰጡኝ።»

«ሰጡዎት! ስንት ጥማድ?»

«ቁመቴን ያህል» አልኩት።

ሾፌሩ መሳቅ ጀምሮ ተወው። እጁን ዘርግቶ መስኮቴን በጡጫ መታልኝ፤ ተዘጋ።