በባዶ መዳፍ የተነካው ክንፍ

ሪግሞር በሰሜን ዩትላንድ፣ ባሕሩ ዳር ባለው የነፋስ ተርባይን ክንፍ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ማጣበቅ ነበር። የክንፉ ቅርፊት ከመስታወት ክር ስለሚሠራ እጥፍ ዘርጋ ይላል። በመሐሉ እንደ ጀርባ አጥንት የሚዘረጋው ወጋግራ ግን የካርቦን ክር ነው፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ንቅንቅ የማይል። ነፋስ ሲመጣ አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው እምቢ ይላል። ሁለቱንም ችሎ የሚይዛቸው በመካከላቸው ያለው ሙጫ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሪግሞር በንጽሕና ቀልዳ አታውቅም። የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ግን እጇ በብርድ ተሰነጣጥቆ እህቷ የሰጠቻትን ቅባት ተቀብታ ነበር። ጓንቷ ተቀደደና አወለቀችው። ሌላ ለመውሰድ ዞር ስትል ወጋግራው ላይ አቧራ ያየች መሰላት፤ አንድ ክንድ ያህል በባዶ መዳፏ ጠረግ አደረገችው። ወዲያው ሙጫው ተደረገ፣ ቅርፊቱም ተገጠመበት።

መዳፏ ቅባት እንደነበረበት ትዝ ያላት ራት ላይ፣ ጥቁር ዳቦዋን ቅቤ ስትቀባ ነው። የጀመረችውን ሳትጨርስ ተነሳች።

በማግስቱ ለፈረቃ አለቃዋ ለፕሪበን ነገረችው።

«በመሣሪያ መርምረነዋል እኮ! አንድ ክፍተት የለውም።»

«ክፍተትማ አይኖረውም፤ ገጥሞ ተቀምጧል። አጥብቆ መያዙን ግን መሣሪያህ አያውቅም።»

«ለአንድ መዳፍ ብዬ ሰባ ሜትር ክንፍ ልቁረጥ?»

«መዳፉ የእኔ ነው። ቁረጠው።»

«ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»

ፕሪበን እየተራገመ ሄደ፤ ከምሳ በኋላ መጋዝ ይዞ መጣ። የቆረጡት ቁራጭ ላይ ሽብልቅ አስገብቶ በመዶሻ መታው። ሌላው ስፍራ ክሩን እየቦጨቀ፣ እየታገለ ተላቀቀ። እሷ የጠረገችው ስፍራ ግን እንደ ተላጠ ሙዝ በቀላሉ ተለየ፤ ያብረቀርቃል። ሪግሞር እፎይ የምትል መስሏት ነበር፤ እንባዋ መጣ።

«ደግሞ ታለቅሻለሽ?» አላት ፕሪበን።

«የስምንት ሰው ድካም ነው።»

ከስምንቱ ሁለቱ ወር ሙሉ ሰላም አላሏትም። ሽማግሌው አክሰል ደግሞ ባያት ቁጥር «እመት ቅባት! ዛሬስ ማንን ልታሺ ነው?» ይላታል። ቻለችው። ጡረታ እስክትወጣ አራት ዓመት እዚያው ሠራች።

ያ ክንፍ ቢሰቀል ኖሮ ይሰበር ነበር ወይስ ሃያ ዓመት በደህና ይዞር ነበር? የስንብቷ ዕለት ፕሪበንን ጠየቀችው። ብዙ አስቦ «እንጃ» አላት። ሊያጽናናት ብሎ ስላልዋሻት ደስ አላት።