የትኛው ህዋስ?

ፍኖተ ሰላም ላይ ወደ አንዲት ጠባብ የእስር ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነበር። የሚመጣው በሩ ሥር ከተኙ ሽማግሌ እግር ነው። የደጋ ዳሞት ገበሬ ናቸው፤ ሲይዟቸው ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰንጥቆ አመርቅዟል። ጋቢያቸውን ጣል አደረጉበትና ስለ ሽታው ይቅርታ ጠየቁኝ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የተያዝኩት በምርጫው ሰሞን በተናገርኩት ነገር ነው። ሽማግሌው ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ቢሉ ሰሚ አጥተዋል። መግሉን ሲያዩ ያለቀላቸው መስሏቸው ምግብ ትተዋል። ይሄ አናደደኝ። ከማስተማር ሌላ የምችለው ስለሌለ እሱኑ ያዝኩ።

ሰውነታችን ውስጥ በላተኛ ህዋስ አለ፣ ማክሮፌጅ ይባላል፣ ጀርም ሲገባ ይውጠዋል አልኳቸው። ብቻውን ሲያቅተው እንደ እናንተ አጨዳ ጅጌ ይጠራል፤ ሌሎች ህዋሶች በደቦ ይደርሱለታል። እብጠቱና ትኩሳቱ የጅጌው ግርግር ነው። መግሉ ሥራው ላይ የወደቁት ናቸው፤ እነሱንም የሚያነሳቸው ያው በላተኛ ነው።

ሽማግሌው ጋቢውን ገለጥ አድርገው እግራቸውን አዩት። "ጅጌ ጠርቶ ጦሙን የሚያውል አለ እንዴ፣ መምህር?" አሉና እንጀራቸውን ሳቡ።

በማግስቱ ለምርመራ ተጠራሁ። አብረውን ከታሰሩት አንዱ ወሬ አድርሷል። መርማሪው ማስታወሻውን እያየ፣ "በላተኛ ህዋስ ያልከው የትኛው ነው? ጅጌውስ ለመቼ ተጠራ?" አለኝ። ጎጃሜ ያለ ሰምና ወርቅ አይናገርም ብሎ ይሆናል፤ የፓርቲ ህዋስ መስሎታል። ፈራሁ፤ ሳቄም መጣ።

"በሰው ሁሉ ውስጥ ያለ ነው። እርስዎም ውስጥ አለ።"

ነገሩ ባሰ። የአባላቱን ስም ጽፈህ ፈርም ብሎ ወረቀት ገፋልኝ። የምጽፈው ስም አልነበረኝም። ማክሮፌጅ ጀርም ሲውጥ ሣልኩ፤ ከሥሩም "ጅጌው ያለው ሽማግሌው እግር ላይ ነው፤ የጤና ባለሙያ መጥቶ ይመስክር" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ነርስ ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ፤ ያመጣት እኔን እንድታጋልጥለት ነው። እሷ ግን ሥዕሉን አየት አድርጋ ትክክል ነው አለችና ወደ ቁስሉ ጎንበስ አለች። በላተኛው ብቻውን አይችለውም ብላ አጥባ መድኃኒት ጀመረችላቸው።

ከሳምንታት በኋላ ለቆጠራ ስንወጣ ሽማግሌው ትከሻዬን ሳይዙ ቆሙ። ጠባቂው አዝኖ ይቀመጡ አላቸው።

"ጅጌው ጨርሶ ገብቷል፣ ልጄ። ቆሜ ልቆጠር" አሉት።

ዛሬ ቡሬ አስተምራለሁ። ስለ ህዋስ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ያንኑ ሥዕል እሥላለሁ። ስጨርስ ከሥሩ ልፈርም ይቃጣኛል።