የጅቡ ምስክር

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ድስት ከሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ነበር። አባባ ይመር ከቤታችን ጀርባ፣ ከሾላ ገበያ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ጠባብ የቆርቆሮ መሥሪያ ነበረቻቸው። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር ተረቱ የሚጀመረው ጀምበር ሳትጠልቅ፣ የቀኑ ሥራ አብቅቶ ፍሙ ገና ሳይከስም ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ግድግዳው በፍሙ ብርሃን ይቀላል። በወናፋቸው ንፋስ ያነፍሳሉ፣ በመዶሻቸው የድስት ቂጥ መታ መታ እያደረጉ ኮቴ ያሰማሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ሳናውቀው ወደ እሳቱ እንጠጋለን።

ብቻቸውን አይተርቱም ነበር። እንደ አመጣጣችን እንስሳ ያደርጉናል፤ መጀመሪያ የመጣ ጦጣ፣ መጨረሻ የመጣ ጅብ። ተረቱ ውስጥ የፍየል ግልገል ይጠፋል፤ ጅቡ ይከሰሳል። አባባ ይመር ዳኛ ሆነው «ትናንት ማታ የት ነበርክ?» ይሉታል፤ ጅቡ የሚያስቅ ውሸት ይፈጥራል። ምስክር ጥራ ሲባል ሆዱን ወይ ጥላውን ይጠራል፤ እኛም «ዋሸ! ዋሸ!» እያልን እንጮህበታለን። ጅብ መሆን የሚወድ ስላልነበረ ከትምህርት ቤት የምንመጣው እየሮጥን ነው።

ያን ሰሞን የዩኒቨርስቲ ተማሪ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ይፈለግ ነበር። ለጎረቤት ጎጃም አክስታችን ዘንድ ሄዷል ብለን፣ እሱ ግን ጓዳችን ውስጥ ከጤፍ ጆንያዎቹ ኋላ ተደብቆ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ዳንኤል የት ነው?» ትለኛለች። «ጎጃም» እላለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች፤ ደግሜ እመልሳለሁ። ለዚያ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር።

አንድ ቀን ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩና ጦጣ ሆንኩ። ሌሎቹ ልጆች ተሰብስበው ተረቱ ሊጀመር ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠና እየሳቀ፦

«አባት፣ እስቲ እኔንም አንዱን ያድርጉኝ» አለ።

የጎረቤታችን ልጅ ጽጌ አፏን በእጇ ሸፍና «መጨረሻ የመጡት እሳቸው ናቸው» አለች። ልጆቹ ተንፈቀፈቁ። የወናፉ ትንፋሽ ቆመ። አባባ ይመር ሰውየውን አዩት፣ ሽጉጡን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«እርስዎማ አንበሳው ነዎት» አሉና ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ጅቡ ይሄ ነው።»

«አባባ፣ እኔ ጦጣ ነኝ! ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ጅብ ነህ። ተቀመጥ።»

«የሚከራከር ጅብ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ሊቀመንበሩ።

ተረቱን እንዴት እንደተረቱት አላስታውስም። የማስታውሰው እልሄን ብቻ ነው። ግልገሉ ጠፋ፤ ተከሰስኩ፤ ማታ የት ነበርክ ተባልኩ። የሚያስቅ ነገር ሊመጣልኝ አልቻለም፤ አንድ ጊዜ ተበድያለሁና ደግሞ በሐሰት እንዲፈረድብኝ አልፈለግኩም። ቤት ተኝቼ ነበር አልኩ። አባባ ይመር ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ ምናልባትም ሳያስቡት፣ ምስክር ጥራ አሉኝ።

«ዳንኤልን ጠይቁት። ከጆንያዎቹ ኋላ ሆኖ ሲያስል ነው ያደረው።»

አባባ ይመር ፊታቸው አመድ መሰለ። ወናፉን በኃይል ሲጫኑት አመዱ ቤቱን ሞላው። «ጅቡ ዋሸ!» ብለው ጮኹ። «ዳንኤል ጎጃም ነው! ጅቡ ዋሸ!» ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ተቀበሉ፤ «ዋሸ! ዋሸ!» እኔ እያለቀስኩ ከሁሉም በላይ ጮኽኩ፤ «አልዋሸሁም!»

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ከሱሪው ላይ አመዱን አራገፈ። ጥሩ ተረት ነው ብሎ መጨረሻውን ሳይሰማ ወጣ።

ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ የቀበሌው ታጣቂዎች ቤታችን መጡ። ምንም አልበረበሩም። ቀጥታ ወደ ጓዳ ገቡ።

እናቴ ለሁለት ወር ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሰች። አንድ ጠዋት በር ላይ ያለው ዘበኛ ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ አላት፤ ሳህኑን እንደያዘች ተመለሰች። ማን እንደተናገረ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። በየጠዋቱ ፊቴን መያዟን ግን ተወች።

ዓመታት አልፈው ዩኒቨርስቲ ስገባ አባባ ይመር እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ መጡ። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ የዚያን ዕለት ፈርቼ ነው» አሉ። ትምህርት አለብኝ ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። በዚያው ክረምት ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይም አልቆምኩም።

ሕግ ተማርኩ። የታጠቀ ሰው ፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ከማንም በተሻለ ማስረዳት እችላለሁ፤ ለሌላ ሰው ቢሆን እከራከርለትም ነበር። ወንድሜን የወሰደው ሊቀመንበሩ እንደሆነም አውቃለሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሚታየኝ ግን በፍሙ ብርሃን ወደ እኔ የተዘረጋችው፣ ጥላሸት የነካት ጣት ናት። አሁን ፀጉሬ ሸብቶም የምከራከረው ከእሷ ጋር ነው። ጦጣ ነበርኩ እላታለሁ። ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነበርኩ።