ቤተሰብ ይምከርበት

የባለቤቴን አጎት ሦስት ቀን በጂፕ በረሃ ላሳያቸው ነው ስል የሰማ ሁሉ መረቀኝ። ለምርቃት የሚሆን ልብ ግን አልነበረኝም። የምሄደው ለበቀል ነበር።

እሳቸው ዕድሜያቸውን የኤርፖርት ሻትል ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። “ሰውን ለሽርሽር ሳመላልስ አረጀሁ፤ እኔ ከዴንቨር ወጥቼ አላውቅም” ብለው ለባለቤቴ አማረሩላት። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ጋራዥ የሰው መኪና ስጠብቅ ስለምውል፣ ዕረፍቴን የማሳልፈው አንድም መኪና ያልቆመበት በረሃ ውስጥ ነው። በደቡብ ኮሎራዶ ካሉት የአሸዋ ተራሮች እስከ ዩታ ድንበር ያለውን ኮረኮንች መንገድ እንደ ጓዳዬ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ “ይዘሃቸው ሂድ” አለችኝ። ሆዴን ስለምታውቀው ደግሞ “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ አደራህን” ብላ ጨመረች። እሺ ብዬ ዋሸኋት።

ቂሜ የስምንት ዓመት ነው። እሷን ላገባ ሽማግሌ ስልክ፣ አባቴ ለዚሁ ብለው ከአገር ቤት መጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ ወጉ ነው። ደግ ቤተሰብ ይህን ስለሚያውቅ ቶሎ ሰምቶ ያስቀምጣል። የልጅቷ አባት በሕይወት ስላልነበሩ በእነሱ በኩል ተናጋሪው አጎቷ ነበሩ። ዴንቨር ጎን ኦሮራ ባለው አፓርታማቸው ውስጥ ሶፋቸውን ደገፍ ብለው አባቴን እስከ ሰባት ቤት ዘር አስቆጠሯቸው፤ የእኔን ሥራ ሲሰሙም “ፓርኪንግ?” ብለው ደግመው ጠየቁ። አባቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። መጨረሻ ላይ የተሰጣቸው መልስ “ቤተሰብ ይምከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ” የሚል ነበር። በበረዶ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በሦስተኛው ተፈቀደልኝ። አባቴ ቪዛቸው አልቆ ወደ አገር ተመለሱና ሠርጌን ሳያዩ ሞቱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በመጀመሪያው ቀን ገና አስፋልቱ ሲያልቅ “እስቲ እዚህ ጋ ፑል ኦቨር አድርግልኝ፣ ሽንቴ መጣ” አሉ።

“ቤተሰብ ይምከርበት፣ ጋሼ” አልኳቸው።

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። አንድ ማይል ነዳሁ። ደግመው ጠየቁ፤ ያንኑ መለስኩ። በሦስተኛው አቆምኩላቸው። ውኃ ሲጠይቁም እንዲሁ፣ መስኮት ክፈትልኝ ሲሉም እንዲሁ። በአፌ እርስዎ፣ በሆዴ አንተ እያልኩ ሦስት ሦስት ጊዜ አስለመንኳቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲለምኑ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር፤ እሱንም ወደድኩት።

በሁለተኛው ቀን እስከ አድማስ ደረቅ ቁጥቋጦ ብቻ በሆነው ሜዳ ላይ ስንነዳ፣ ፎቶ ላንሳ ብለው መልሴን ሲሰሙ ያወጡትን ስልክ ወደ ኪሳቸው መለሱ። “ይሄ ቃል የኔ ነው” አሉ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም። ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ ተናደድኩ።

በሦስተኛው ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀረቀርን። ከመግባቴ በፊት የጎማውን አየር መቀነስ ነበረብኝ፤ ማንም ጀማሪ የሚያውቀውን ነገር፣ “መቼ ይሆን የሚለምኑኝ” እያልኩ ስጠብቅ ረሳሁት። ስልክ አይሠራም። ወረድን። አካፋውን ሳወጣ ታጣፊውን ወንበርም አወጣሁና “ይቀመጡ” አልኳቸው፤ ያኔስ የሚስቴ አደራ ትዝ ብሎኝ ነው።

አልተቀመጡም። “አባትህ እኔ ቤት ስንት ሰዓት ቆሙ?”

“ሁለት ሰዓት።”

ሰዓታቸውን አዩ። “አንተ ያኔ የት ነበርክ?”

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። “ውጭ፣ መኪና ውስጥ።”

“ተቀምጠህ?”

“ተቀምጬ።” ሂተር አብርቼ እየሞቅኩ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

“እንግዲያው ግባና ተቀመጥ” አሉኝ።

እልህ ይዞኝ ገባሁ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው እየደገፉ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የተመኘሁትን አገኘሁ፤ መቀመጫው ግን አልመች አለኝ። አርባ ደቂቃ ሲሆን በሩን ከፈትኩ።

“ጋሼ፣ ይበቃል፤ ይቀመጡ።”

“ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።”

“ምንድን ነው ጉዳይዎ?”

“አባትህን በድያለሁ። ይቅር በለኝ።”

አባቴ ቢሆኑ ቃሉ ሳያልቅ እጃቸውን ይዘው ያስቀምጧቸው ነበር። እኔ አባቴ አይደለሁም። “ቤተሰብ ይምከርበት” አልኩና በሩን ዘጋሁ። ሁለት ሰዓቱን ሞሉ። ከዚያ ጂፑን ቆፍሬ አወጣሁና ኦሮራ ገባን።

ባለፈው እሁድ ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ወንበር ብታቀርብ አልቀመጥም ብለው ሳሎኑ መሃል ቆሙ፤ ጉዳያቸውን ደገሙት። እሷ አይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ቶሎ መለስኩላቸው፤ የወንበሩን መደገፊያ ሲይዙ አይቻለሁ።

“ቤተሰብ ይምከርበት፤ ሌላ ቀን ይመለሱ” አልኩ።

ባለቤቴ እስካሁን አታናግረኝም። እሳቸው ግን ወጉን ስለሚያውቁ እሺ ብለው ወጡ። አንድ ይቀራቸዋል።