የሐረጓ ጸጉር

ባለቤቴ ያረፈው እኔ ቤሩት ሳለሁ ነው። ወንድሙ ሲደውልልኝ ተቀብሮ ነበር። ከሊባኖስ ብወጣ መመለሻ ስላልነበረኝ ቀረሁ። ሳህን አጥባለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፤ እንባ ግን እምቢ አለኝ። ለቅሶ ለካ ሰው ይፈልጋል። “አይዞሽ፣ ቁጭ በይና አልቅሺ” የሚለኝ አልነበረም።

ማዳሜ ልጆቻቸው ውጭ የቀሩባቸው አሮጊት ናቸው። ጅዴይዴ በሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው የፎቁ ምድር ቤት ስለሆነ ከመስኮቱ ሥር ጠበብ ያለች የአትክልት ቦታ አለቻቸው። እዚያ የምትተከል ሐረግ ገዝተው “ክሌማቲት” አሉኝ። ቅጠሏን ሳይ አወቅኋት፤ የእኛ አገር የአዞ ሐረግ ዘመድ ናት። ጠለቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ከግንዷም ጥቂት አፈር ውስጥ አስገባሁ፣ ሥሯ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርኩ።

“ራሷ ፀሐይ፣ እግሯ ጥላ ትወዳለች” አሉ ማዳሜ። “ያኒ፣ እንደኔ ማለት ነው።”

የቤሩት ብርድ ሲገባ ቅጠሏ ረግፎ የደረቀ ገመድ መሰለች። ብርዱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ማዳሜ መቀስ አቀበሉኝና “ያላ፣ ኡሲ ሻዕራ” ብለውኝ ስልክ ሊያነሱ ገቡ። “ኡሲ” ቁረጪ፣ “ሻዕራ” የእሷ ጸጉር፣ “ሻዕሪክ” ያንቺ ጸጉር ማለት ነው። ልዩነቱ የቃሉ ጭራ ላይ ነው፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ የአረብኛን ጭራ ይውጣልና ያንቺን ያሉኝ መሰለኝ። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትቆረጣለች። ማዳሜ መሞቱን ያውቃሉ፤ ወጉን ግን ከየት ሰሙ ብዬ ተገረምኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሹሩባዬን ከሥሩ ቆረጥኩት።

ስወጣ ማዳሜ ስልኩን ዘጉት።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ቁረጪ አሉኝ።”

“የሐረጓን ነው እንጂ ሃቢብቲ፣ የደረቀውን።”

ወጋችንን ነገርኳቸው። የወጥ ቤቱን ወንበር ሳቡልኝ። “ተቀመጪ። ከኋላ አይጥ የበላው መስለሻል።” መቀሱን ተቀብለው ሲያስተካክሉልኝ፣ “ምን ዓይነት ሰው ነበር?” አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። “ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው” አልኳቸው። ያን ስል እንባዬ መጣ። ዝም በይ አላሉኝም፤ ጸጉሬን ከአንገቴ ላይ እያራገፉ ጠበቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐረጓን ቆረጥናት።

“ሁሉንም?”

“እስከ ጉልበት። ይቺ አበባዋን የምታወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው።”

ወፈር ያለ የቅጠል እምቡጥ እየፈለግሁ ከሱ ከፍ ብዬ ቆረጥኩ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከሥሯ ቀያይ ቀንበጦች ወጡ፤ የሚይዙት ካላገኙ እርስ በርስ ይተናነቃሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እፈታቸውና ግድግዳው ላይ ወደ ወጠርንላት ሽቦ እመራቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ናባዓ ከሚባል ሰፈር ያገሬ ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። እንዲመጡ የፈቀዱት፣ ወንበሮቹንም ወደ አትክልቱ ያወጡት ማዳሜ ናቸው። ስለ ባለቤቴ አወራሁ፤ አለቀስን፤ ስለ ትከሻው ስነግራቸው ደግሞ ሳቅን። ማዳሜ ቋንቋችንን ሳይሰሙ እስከ መጨረሻው አብረውን ተቀመጡ።

ሴቶቹ ሲነሱ አንዷ ወደ ሐረጓ ጎንበስ አለች። “አዞ ሐረግ አይደለችም እንዴ? መቼ ነው የምታብበው?”

“በሰኔ” አልኳት። “ነይና እያት።”