ለአንዲት ዋንዛ የገዛናቸው ብረቶች

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የተቃጠለ ቤቱን መልሶ የሚሠራ ሰው ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሲወርድ በእኔ በኩል ያልፋል። «መምህር፣ መጋዝ ልግዛ ወይስ ምሳር? የፈረንጁ ይሻላል ወይስ የባለእጁ?» ይለኛል። እኔ ንባብ አስተምራለሁ እንጂ አናጢ አይደለሁም። ቢሆንም ለመጻሕፍት ገበታ ስጠርብ፣ አትሮንስ ስቀርጽ እጄ ብረት ለምዷል፤ የሚጠይቁኝንም አውቀዋለሁ። ያወቅሁት በአንድ በጋ፣ በአንዲት ዋንዛ ላይ ስለሆነ ያንን እንደነበረ ብጽፈው ለሁሉም መልስ ይሆናል።

ጊዜው ጣሊያን ከተማውን ይዞ፣ ገጠሩ ደግሞ በአርበኛ እጅ የነበረበት ነው። ከሮብ ገበያ በታች ያለው ደብራችን ቅዱስ ሚካኤል ከተቃጠለ ጀምሮ ታቦቱ ገደል ሥር ባለ ዋሻ ተቀምጧል። ዋሻው በበጋ ደረቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ጣራው ያንጠባጥባል፤ ባለፈው ክረምት ካህናቱ በየተራ ውሃ ሲጠርጉ ከረሙ። ስለዚህ ሕዝቡ በበጋው የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መረገ፣ ጣራውን በሣር ከደነ። የቀረው በሩ ብቻ ነበር። በር በሌለው ቤት ታቦት አይገባም፤ ጅቡም ወታደሩም እኩል ይገባበታልና። ለሰኔ ሚካኤል በሩ ካልተሰቀለ ታቦቱ ሌላ ክረምት በዋሻ ይከርማል ማለት ነው።

ለበር የምትሆን ዋንዛ በዙሪያችን አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር። ሌሎቹን ጣሊያን ለድልድይና ለሰፈሩ ቆርጦ ወስዷቸዋል። የቀረችው የአንዲት ባልቴት ናት፤ ሟቹ ባላቸው ከማሳቸው ዳር ተክለው ያሳደጓት። እሜቴ ሲለመኑ አላንገራገሩም፤ ግን ቃል አስገቡን። «ሁለቱም ሳንቃ ከእርሷ ይውጣ። አንዱ ለእሳቸው ነፍስ፣ አንዱ ለእኔ» አሉ።

በአገራችን ልማድ ግንድ በሽብልቅ ለሁለት ይሰነጠቅና እያንዳንዱ ግማሽ በምሳር ተጠርቦ ሳንቃ ይሆናል። ጅማቱ ቀጥ ላለ እንጨት ይህ ጥሩ ነው። የእሜቴ ዋንዛ ግን እንደ ገመድ የተጠመዘዘች ነበረች፤ ወገቧ ላይም ቅርንጫፍ የወጣበት ትልቅ ጉጥ አለ። እንዲህ ያለውን እንጨት በሽብልቅ ብትመታው ስንጥቁ ጅማቱን ተከትሎ በጎን ይወጣል፤ አንድ ሳንቃና አንድ ሸክም ማገዶ ይተርፍሃል። መጋዝ ጅማት አይከተልም፤ በወሰድከው ይሄዳል። ይህንን ለደብሩ ሽማግሎች አስረዳሁና መጋዝ እንዲገዛ ተስማሙ። ሕዝቡ ማር አዋጣ። እኔ ብረት አውቃለሁ ተብዬ፣ መሪጌታው ደግሞ ያለ ትልቅ ሰው ዕቃ አይገዛም ተብሎ፣ ሁለታችን የማሩን ቅሎች በአህያ ጭነን ወረድን።

መሪጌታው ዜማ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጆሯቸው የታወቀ ነው፤ ከማኅሌት መሐል አንድ ጸናጽል ቢሳሳት የማን እንደሆነ ጀርባቸውን ሰጥተው ይናገራሉ።

ብረት ሻጩ ሰፊ ጆንያ ዘርግቶ ከመንገድ ሠራተኛው ሰፈር የወጣውን ዕቃ ሁሉ ደርድሮበታል። መጀመሪያ ዓይን የሚወስደው የሚያብለጨልጨው ነው። እርሱን እለፉት። ቀይ ቀለም የተቀባው መዶሻ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው፤ አለት ላይ ሁለቴ ቢያርፍ እንደ ቆሎ ይፈረካከሳል። የበር ማጠፊያውንም አልነካሁም፤ ስሱ ነው፤ በዚያ ላይ የራሱ ብሎን፣ ብሎኑ ደግሞ ካቻቢቴ የሚሉትን መፍቻ ይፈልጋል፤ የእኛ በር ከራሱ ከሳንቃው በወጣ እግር ድንጋይ ላይ ይዞራል፤ ምንም አይፈልግም። መሮም ከገበያ አትግዙ። ከተሰበረ ካሚዮን የሚወጣውን፣ ባሌስትራ የሚሉትን ብረት ቁራጭ ፈልጉና ለአገራችሁ ቀጥቃጭ ስጡት፤ ከእርሱ የሚወጣው መሮ ልጅ ልጃችሁ ይወርሰዋል። ምሳር ስትገዙም ዛቢያ የሌለውን ምረጡ፤ ዛቢያውን እቤት ከወይራ ታበጁለታላችሁ፤ ከነዛቢያው የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሚደበቅ ነገር አለበት።

መጋዝ ግን የፈረንጁን ነው። የእኛ ባለእጅ ያንን ያህል ስስና ረጅም ብረት አይቀጠቅጥም። ጫፉን ይዛችሁ እንደ ቀስት አጉብጡት፤ ስትለቁት ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ውሰዱት፣ ትንሽ ጎብጦ ከቀረ መልሱለት። እኔም ሦስተኛው ቀጥ አለልኝና አንዱን ቅል ማር ሰጥተን ሁለት ሰው የሚጎትተውን መጋዝ ያዝን።

«የኔታ፣ አሁን ሞረዱን እንያዝ» አልኳቸው።

«ሞረድ ዛፍ ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም፤ መጋዙን ይስላል።»

«ገና አሁን የገዛነው መጋዝ ደነዘብህ? አንተ ልጅ፣ ሰው ሳይታመም ተዝካር ትደግሳለህ።»

ይህን ብለው አንድ ምሳር አነሡ። ዛቢያ የሚገባበትን ዓይኑን በጋቢያቸው ዘርፍ አሥረው አንጠለጠሉትና በጠጠር መቱት። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ድምፅ ከብረት ሰምቼ አላውቅም፤ ረጅም ነበር፣ ጥርት ያለ፣ እየሳሳ እየሳሳ የሚሄድ። በአጠገባችን የሚያልፉ ሁለት ደብተራዎች ዞር አሉ። ሻጩም ሳቀ።

«አባ፣ እንጨት ሊቆርጡበት ነው ወይስ ሊያስቀድሱበት?»

«አንተ ማርህን ቁጠር» አሉት። ወደ እኔ ዞረው፣ «እስኪ ያንተን አምጣ» አሉ። እኔ የያዝኩት ምሳር ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ጥቁር ነገር ነበር። መቱት፤ «ጠብ» አለ። «ይኼ ጉንፋን ይዞታል። መልሰው!»

ልከራከር ብዬ ነበር፤ ግን ቀደም ብሎ እኔ ወድጄው የነበረ አንድ መዶሻ አንኳኩተው «ይኼ ታሟል» ብለውኝ፣ ብናየው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አግኝተንበታል። ስለዚህ ጥቁሩን ምሳር መለስኩ። ለሞረድ ያሰብኩት ቅል ለሚዘምረው ምሳር ሄደ። ነገሩን ለይቼ የተረዳሁት ኋላ ነው፤ ጆሮ ስንጥቅ ያገኛል፤ በዚያ የመሪጌታን የሚያህል የለም። ብረቱ እንጨት ይችል እንደሆነ ግን ጆሮ አያውቅም፤ እንዲያውም አብዝቶ የጠነከረ ብረት አብዝቶ ይጮኻል፣ እንደ ሸክላም ይሰበራል።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ የቆመው ባንዳ ጆንያችንን ፈታ። «ሞረድ አለ? ፒንሳ አለ?» አለ። ሞረድና ጉጠት ጠመንጃ ይጠገንበታል እየተባለ ወደ ገጠር አይወጣም ነበር። «የለም» አልን። መጋዙንና ምሳሩን ገልብጦ አይቶ አሳለፈን። መሪጌታ ጥቂት እንደሄድን «አየህ? ሞረዱን ብንገዛ ለእርሱ ገዝተንለት ነበር» አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ምሳሩ ዋንዛዋን አልጣለም። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ መሬቱን በውርጭ ነጭ ባደረገበት ጧት አነሣሁት፤ ገና ከሥሯ ስመታት የጥፍር ያህል ከስለቱ ተፈነጠረ። በብርድ ጧት ምሳር ከመጠቀም በፊት እሳት ዳር ማሞቅ ደግ ነው፤ ይህንን ግን ባሞቀውም አይችለውም ነበር። መሪጌታ ስባሪዋን ከሣሩ ውስጥ ፈልገው አነሡ፣ በመሐረባቸው ቋጠሯት። ዋንዛዋን በጎረቤት አሮጌ ምሳር ጣልናት።

ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረን ግንዷን በላዩ አጋደምንና መጋዙን ያዝን፤ መሪጌታ ከላይ፣ እኔ ከጉድጓዱ። የጎጃም ሰው ማረስም ማጨድም ያለ ዜማ አይችልምና እርሳቸውም መጎተቱን በዜማ ጀመሩት። መጀመሪያ በጽፋት፣ ማለት በፈጣኑ፣ ወሰዱት፤ መጋዙ ጋለና ተነከሰ። «የኔታ፣ ዝማሜ ያድርጉት!» ብዬ ከሥር ጮኽኩ። ዝማሜ በመቋሚያ ቀስ እያሉ የሚወዛወዙበት ነው። እንደዚያ ሲያደርጉት መጋዙ መተንፈሻ አገኘ፤ ብናኙ ዓይኔን ቢሞላውም መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። መጋዝ የምትገዙ ሁሉ አትቸኩሉበት፤ ሙሉ ርዝመቱን ጎትቱ፣ ሥራውን ለጥርሶቹ ተዉላቸው።

ጉጡ ላይ ስንደርስ ግን መጋዙ ደነዘ። ግማሽ ቀን ሙሉ ጎትተን ጣት የምታህል አልሄደም። ሰኔ ገብቷል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ገበዙ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሽብልቆች ተሸክመው መጡ።

«ቀሪውን በዚህ ጨርሱት» አሉ።

«ጌታዬ፣ በጎን ይወጣል» አልኩና የእንጨቱን ጅማት በጣቴ እየተከተልኩ አሳየኋቸው። «እዚህ ይገባል፣ እዚህ ይወጣል። አንድ ሳንቃ ብቻ ይተርፋል።»

«አንድም ይሁን! ሌላውን በጭቃ እንደፍነዋለን። ታቦቱ በውሃ ይራስ?»

እሜቴ ከጧት ጀምሮ ግንዷ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ሽብልቆቹ ላይ ቆሙ። «ግማሽ በር ለሚካኤል? ለፍየል ጉረኖ ነው እንጂ! እኔ ሁለት ብዬ ነው የሰጠሁ። ከሰነጠቃችኋት መጀመሪያ እኔን ሰንጥቁ።»

«እሜቴ፣ ዝናቡ መጣ እኮ!»

«ይምጣ። እኔም አለሁ።»

ገበዙ አንገታቸውን ነቅንቀው የሦስት ቀን ዕድሜ ሰጡን፤ ከዚያ በኋላ ሽብልቁ ይገባል። መሪጌታ ያንን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ከዚያ የተሰበረውን ምሳር ከዛቢያው አወለቁት፣ በጋቢያቸው ጠቀለሉት፣ መቋሚያቸውን አነሡና «ነገ አትጠብቁኝ» ብለው ወደ ከተማው ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ደረሱ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው መቋሚያቸውን ዘቀዘቁት። ከእግሩ የተጠመጠመውን ጠፍር ሲፈቱት ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ እስከ ግማሹ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቷል።

«የኔታ! ኬላውን እንዴት አለፉ?»

«በእግሬ። ዘበኛው ጋቢዬን አራገፈ። ‹አባ ደግሞ ለምን መጡ?› አለኝ። ‹መቋሚያዬ እግሩ ተበልቶ ብረት ላስገባለት› አልኩት። ‹ገባለት?› አለኝ። ‹ይኸው፣ ገባለት› አልኩት። ምን ዋሸሁት?»

«በምን ገዙት?»

«በምሳሩ። የይጁቤ ቄስ አገኘሁ፤ ደወላቸው ተዘርፎባቸዋል። ‹ስለቱ ተሰብሯል፣ ለእንጨት አይሆንም› ብዬ ስባሪዋን ጭምር አሳየሁት። አንጠልጥሎ መታው፤ ለደወል ፈለገው። ከዚያ በኋላ ዋጋ የተከራከርኩ እኔ አይደለሁም፤ እርሱ ራሱ ነው የጨመረልኝ፤ በዚያው ሞረዱን ገዛሁ።» ሞረዱን አቀበሉኝ። «እንካ። ድምፁን ሞክሬው ነበር። አያምርም።»

እንግዲህ አቅማችሁ ለአንድ ብረት ብቻ ከሆነ ሞረድ ግዙ። ሞረድ ያለው ሰው የጎረቤቱን አሮጌ መጋዝ ተውሶ አዲስ ያደርገዋል፤ ሞረድ የሌለው አዲሱን መጋዝ በሳምንት አሮጌ ያደርጋል። ጥርሶቹን አንድ በአንድ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እኩል እየገፋሁ ሳልኳቸው። መሪጌታ ከላይ ሆነው ዝማሜውን አነሡ፤ መጋዙ ጉጡን እንደ ዱባ ቆረጠው። የመጀመሪያው ዝናብ ጉድጓዱ ውስጥ አገኘኝ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ የመጨረሻዋን ክንድ ጨረስን። ሁለቱ ሳንቃዎች ለየብቻ ወደቁ።

እንጨቷ እርጥብ ስለነበረች ስትደርቅ የምትቀንሰውን አስቤ አንዱ ሳንቃ በሌላው ላይ ትንሽ እንዲደረብ አድርጌ ጠረብኳቸው። እግራቸውን ከባሌስትራ ባስቀጠቀጥኩት መሮዬ አወጣሁ። በዋዜማው ሰቀልናቸው። ካህናቱ ቆመዋል፤ ገበዙ ሰማዩን ያያሉ፤ እሜቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ሆነው ይመለከታሉ።

«ይዘጋል?» አሉ እሜቴ።

ገፋሁት። የግራው ገጠመ። የቀኙ መሐል ደርሶ ድንጋዩን ነክሶ ቆመ። ገበዙ «እኔስ ብዬ ነበር» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መሪጌታ በዓይናቸው አስቆሟቸው። ሳንቃውን አንሥተን እግሩን በመሮ ፋቅ አደረግሁት፤ የድንጋዩን ጉድጓድ ሞራ ቀባሁና መልሰን ሰቀልነው።

«አሁን እርስዎ ይግፉት፣ እሜቴ» አልኩ።

መጡ። ሁለቱንም እጃቸውን በሳንቃው ላይ ዘረጉ፣ ጉጡ የነበረበትን ቦታ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ገፉት። ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ በጓደኛው ላይ ተደረበ። መልሰው ከፈቱት። ደግመው ዘጉት። ከዚያ ወደ ካህናቱ ዞሩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «ዝናቡ ሳይቀድማችሁ ሂዱና አምጡት።»